ጋብቻ በማስረጃ ፊት

ጋብቻ በሁለት ሰዎች ፈቃድ ይመሠረታል። የትዳር ጓደኛን ወደ ሌላ አገር ይዞ መሄድ ግን የሦስተኛ ወገን እምነት ይጠይቃል፤ ያ ወገን መንግሥት ነው። ሙሽሮቹ ባልና ሚስት መሆናቸውን ራሳቸው ያውቃሉ። ሽማግሌ ሆነው የሄዱት፣ ሚዜዎቹና ጎረቤቱም ያውቃሉ። የማያውቀው መንግሥት ብቻ ነው፤ የሚያውቅበትም መንገድ የሚቀርብለት ወረቀትና በመስኮት በኩል የሚደረግ አጭር ቃለ መጠይቅ ነው። አንድ ጋብቻ እውነተኛ የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ከውጭ የቆመ ሰውስ ይህን በምን ያውቃል? የትዳር ቪዛ ሂደት በቅጽና በክፍያ የተሞላ ቢመስልም ከሥሩ ያለው ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄው በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ አለ። እዚህ በዋናነት የሚታየው በአሜሪካ ሕግ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚነሡ ብዙ ባልና ሚስት የሚያልፉት በዚያ በኩል ነውና። የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሂደቱን የሚጀምረው አሜሪካ ያለው ወገን ነው። ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት የሆነው ባል ወይም ሚስት «አይ-130» የተባለውን ማመልከቻ ለዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት ያስገባል። ይህ ማመልከቻ ቪዛ አያሰጥም፤ የሚያስመዘግበው ዝምድናውን ብቻ ነው። ሲጸድቅ ፋይሉ በኒው ሃምፕሻየር ግዛት፣ ፖርትስመዝ ከተማ ወዳለው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይዛወራል። ክፍያው፣ የቪዛ ቅጹ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ፣ የፖሊስ ማስረጃውና የገቢ ማረጋገጫው የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። ቀጥሎ የሕክምና ምርመራ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ፣ እንጦጦ መንገድ ላይ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ይመጣል። አመልካቹ ዜጋ ከሆነ ለትዳር ጓደኛ የሚሰጠው ቪዛ የዓመት ኮታ የለውም፤ መዘግየት የሚመጣው ከሥራው ብዛት ነው። የግሪን ካርድ ባለቤት ከሆነ ግን ኮታ አለ፤ ባልና ሚስቱ በየወሩ የሚወጣውን የቪዛ ማስታወቂያ እያዩ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ገና ላልተጋቡም የእጮኛ ቪዛ የሚባል አለ። ሁለቱ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል ተገናኝተው መሆን አለባቸው፤ እጮኛው አሜሪካ ከገባም በኋላ በ90 ቀን ውስጥ መጋባት ግዴታ ነው።

እነዚህን ደንቦች እንዳሉ ለተቀበላቸው ሰው ይህ ሁሉ ረጅም የቢሮ ጉዳይ ነው። ፍልስፍናው የሚጀምረው እያንዳንዱ ወረቀት ምን ያስረዳል ተብሎ እንደሚጠየቅ ሲታይ ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ የሚያስረዳው ጋብቻ መፈጸሙን ነው። የአሜሪካ ሕግ በመርህ ደረጃ በተፈጸመበት አገር ሕጋዊ የሆነን ጋብቻ ይቀበላል፤ ወረቀቱ ግን በቂ አይደለም። ይህ አቋም ከታወቁት ፍርዶች በአንዱ ግልጽ የሆነው በ1953 ነው። ጉዳዩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወታደሮች ሚስቶች በቀላሉ እንዲገቡ የወጣውን ሕግ ለመጠቀም ፓሪስ ላይ ስለተፈጸሙ ጋብቻዎች ነበር። ተጋቢዎቹ አብረው የመኖር ሐሳብ አልነበራቸውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጋብቻዎቹ በፈረንሳይ ሕግ ይጽኑ አይጽኑ ለጉዳዩ ለውጥ አያመጣም አለ። እንደ ባልና ሚስት ለመኖር ያላሰቡ ሰዎች በኢሚግሬሽን ሕግ ፊት ባልና ሚስት ተብለው አይቆጠሩም።

ይህ ውሳኔ ከቃል ባሕርይ ጋር ይጋጫል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን በ1955 በሃርቫርድ ባቀረባቸውና ከሞተ በኋላ በ1962 በታተሙት ንግግሮቹ አንዳንድ ቃላት አንድን ነገር ከመግለጽ አልፈው ነገሩን ራሱ እንደሚፈጽሙ አሳይቷል። ቃል መግባት፣ መሰየም፣ መጋባት ከነዚህ ናቸው። ቃሉን የሰጠ ሰው በልቡ ሌላ ቢያስብ ቃሉ ጉድለት ይኖርበታል እንጂ አልተሰጠም አይባልም። አማርኛ ተናጋሪም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሲል ይህንኑ ያውቃል፤ የተነገረው ቃል የተናጋሪውን ልብ ሳይጠብቅ ይይዘዋል። ለዚህም ነው በቤተሰብ ሕግ «በልቤ አላሰብኩትም ነበር» ማለት በራሱ ጋብቻን የማያፈርሰው። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ቃሉን ተሻግሮ ልቡን ይፈልጋል። በአንድ አገር ውስጥ አንድ ጥንድ ለውርስ፣ ለግብርና ለፍቺ ባልና ሚስት ሆኖ ለቪዛ ሳይሆን ሊቀር ይችላል።

ልብ ውስጥ የሚፈለገው ፍቅር ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ብዙ ጥንዶችም እንደዚያ እየመሰላቸው ፋይላቸውን በቀይ ልብና በግል መልእክት ይሞላሉ። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። በ1975 የአሜሪካ የዘጠነኛው ወረዳ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በ1980ም የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚ ቦርድ ያጸኑት መለኪያ፣ ሁለቱ በተጋቡበት ጊዜ አብረው ሕይወት ለመመሥረት አስበው ነበር ወይ የሚል ነው። ስለ ፍቅር የሚል ነገር የለበትም። በቤተሰብ ምርጫ የተጋቡ፣ ከጋብቻ በፊት ብዙም ያልተዋወቁ፣ ለልጅ ወይም ለእርጅና ብለው የተጣመሩ ሰዎች ሁሉ መለኪያውን ሊያልፉ ይችላሉ። ከዓላማዎቹ አንዱ አሜሪካ መግባት መሆኑም ብቻውን ጋብቻውን የይስሙላ አያደርገውም። የ1975ቱ ፍርድ ቤት አንድ ተጨማሪ ቁም ነገር አስቀምጧል፤ የውጭ ዜጎች ከአገሬው ሰው የበለጠ የተለመደ ወይም የበለጠ የሰመረ ትዳር እንዲኖራቸው ሊጠየቁ አይገባም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል በ1821 በታተመው የሕግ ፍልስፍናው ጋብቻን በተለዋዋጭ ስሜት ላይም፣ በተራ ውል ላይም ማቆም እንደማይበቃ አስረድቶ ነበር፤ ለእሱ ጋብቻ ሁለት ሰዎች አንድ የጋራ ሕይወት ለመሆን የሚሰጡት ፈቃድ ነው። የአሜሪካ ዳኞች ሄግልን ጠቅሰው አልፈረዱም፤ የደረሱበት ቦታ ግን ሩቅ አይደለም። ይህም መልካም ነው። ስሜትን የሚመረምር መንግሥት የሚያስፈራ መንግሥት ነው።

የጋራ ሕይወት ለመመሥረት ማሰብ ግን ወደ ፊት የሚመለከት ነገር ነው፤ ማስረጃ ደግሞ ሁልጊዜ ካለፈው ይመጣል። ችግሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። መንግሥት የሚያየው የጋራ የባንክ ሂሳብ፣ በሁለቱ ስም የተጻፈ የቤት ኪራይ ውል፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፎቶና የጓደኞች የምስክርነት ቃል ነው። ዝርዝሩ አብረው ለሚኖሩ ሰዎች የተሠራ ነው። ሚስቱ ደሴ፣ ባሏ ሲያትል የሆነ ጥንድ የጋራ ኪራይ ውል ከየት ያመጣል? መንግሥት በአንድ እጁ አብሮ የመኖር ማስረጃ ይጠይቃል፤ በሌላው እጁ ሂደቱ እስኪያልቅ አብረው እንዳይኖሩ ያደርጋል። ብልህ መርማሪ ይህን አውቆ ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ለጉብኝት የተቆረጠ የአውሮፕላን ትኬት፣ በየወሩ የተላከ ገንዘብ፣ የስልክ መዝገብ፣ በዓመት በዓል አብሮ መገኘት። እነዚህም አኗኗራቸውን ያሳያሉ፤ የሚያሳዩት ግን ተለያይተው የሚኖሩ ሰዎችን አኗኗር ነው።

የጎብኚ ቪዛ ይህን ግጭት አጥርቶ ያሳያል። የኢሚግሬሽን ሕጉ የጎብኚ ቪዛ የሚጠይቅን ሰው ሌላ ካላስረዳ በቀር ለመቅረት እንደመጣ ይቆጥረዋል። አሜሪካ ባል ወይም ሚስት ያለው ሰው፣ በተለይም ማመልከቻ የገባለት፣ ይህን ግምት ማፍረስ ይቸግረዋል። አንድ ሚስት ባሏን ለሁለት ሳምንት አይታ ለመመለስ ስትጠይቅ ትዳሯ እውነተኛ በመሆኑ ምክንያት ልትከለከል ትችላለች፤ በሌላ ቀን፣ በዚያው ግቢ፣ ትዳሯ እውነተኛ መሆኑን እንድታስረዳ ትጠየቃለች። ሁለቱም ውሳኔዎች በየራሳቸው ሕግ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሲደመሩ ግን አንድ ሰው በአንድ እውነት ሁለት ጊዜ የሚቀጣበት ሁኔታ ይፈጠራል።

የኢትዮጵያ ሕግ ጋብቻን የሚያውቅበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው፤ ማነጻጸሩም ይጠቅማል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ዓ.ም.፣ ሦስት ዓይነት አፈጻጸም ይቀበላል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል። ከዚህም በላይ የምስክር ወረቀት ባይኖር እንኳ፣ ሁለት ሰዎች ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ቆጥረው ሲኖሩ፣ ቤተሰብና ኅብረተሰብም እንደዚያ ሲያያቸው፣ ጋብቻ እንዳለ ይገመታል። እዚህ ላይ ማስረጃው የሰፈሩ እውቀት ነው። በማን ሠርግ ድንኳን እንደተተከለ፣ የማን መልስ የት እንደተበላ፣ ማን በማን ኀዘን ከባሏ ጋር እንደተቀመጠች የሚያውቅ እድር፣ ጋብቻን ከማንኛውም ቢሮ አጥርቶ ያውቃል። ይህ እውቀት ግን ድንበር አይሻገርም። ውቅያኖስ ማዶ ላለ መርማሪ ሊላክ የሚችለው ወረቀት ነው፤ የጎረቤት ዓይን ወደ ወረቀት ሲገለበጥ «ባልና ሚስት መሆናቸውን አውቃለሁ» የሚል ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ይሆናል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ዓ.ም. ምዝገባውን አስገዳጅ አድርጎታል። ሥራው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት በቤተ ክርስቲያን፣ በኒካህ ወይም በሽማግሌ ፊት የተጋቡ ብዙዎች ለኤምባሲ ሲሉ ብቻ ከዓመታት በኋላ ምስክር ወረቀት ያወጣሉ። የወጣበት ቀን ከሠርጉ ቀን ርቆ ሲታይ፣ ነገሩን ለማያውቅ ዓይን ለቪዛ ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ወረቀት ራሱን ችሎ እንደማይናገር ለማየት አንድ ቀን ብቻ መከተል ይበቃል። ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ የተጋቡ ሰዎች ይኑሩ። ጥር ብዙውን ጊዜ በጃንዋሪ 9 ይገባል፤ ይህን የለመደ ሰው ቀኑን ሲቆጥር ጃንዋሪ 27 ቀን 2024 ያገኛል። ከዚያ በፊት የነበረው 2015 ዓ.ም. ግን ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆናለች፤ አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ገብቷል፤ ጥርም በጃንዋሪ 10። ትክክለኛው ቀን እንግዲህ ጃንዋሪ 28 ነው። አሜሪካ ያለው ባል በቅጹ ላይ 27 ሞልቶ፣ አዲስ አበባ ያለው ተርጓሚ በምስክር ወረቀቱ ትርጉም ላይ 28 ቢጽፍ፣ በፋይሉ ውስጥ ሁለት የሠርግ ቀን ይኖራል። ሁለቱም ሰዎች አልዋሹም። አንዱ የዘመን አቆጣጠሩን ረስቷል፣ ሌላው አልረሳም። በመስኮቱ ማዶ ግን የሚታየው ተጋቢዎቹ በሠርጋቸው ቀን አለመስማማታቸው ነው።

ስምም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያዊት ሚስት ስሟን ለባሏ ብላ አትለውጥም፤ ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቃት የአባቷን ትጽፋለች፣ ባሏ የራሱን አባት፣ ልጃቸው ደግሞ የባሏን ስም። በአንድ ፋይል ውስጥ አባት፣ እናትና ልጅ በሦስት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ይቀርባሉ። በላቲን ፊደል አጻጻፉ በፓስፖርት አንድ፣ በትምህርት ማስረጃ ሌላ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ ያለ ሠራተኛ ይህን ለምዶታል፤ ፋይሉን አሜሪካ ሆኖ ለሚያነብ ግን አጭር ማብራሪያ ቀድሞ ማያያዝ ብዙ ወራት ያድናል።

ቃለ መጠይቁ ወረቀቱ ያልቻለውን ለመሙላት የመጣ ነው። በአሜሪካ ውስጥ ለሚያመለክቱ ጥንዶች፣ ጥርጣሬ ሲኖር ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጦ አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ የተለመደ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ላይ ከተከፈተ ክስ ተነሥቶ «ስቶክስ ኢንተርቪው» ይባላል። ክሱ የአመልካቾችን መብት ለማስከበር የቀረበ ነበር፤ ስሙ ግን ዛሬ የሚያስፈራ ሆኗል። በቆንስላ በኩል ሲሆን የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ አንዱ ወገን ብቻ ነው፤ እንዴት ተዋወቃችሁ፣ ማን ሠርጋችሁ ላይ ነበር፣ ባልሽ ምን ይሠራል፣ ስንት ወንድምና እኅት አለው። ከጥያቄዎቹ ሥር ያለው ግምት፣ አብሮ የሚኖር ሰው ያውቃል፣ የሚያውቅም አብሮ ይኖራል የሚል ነው። ግምቱ በሁለቱም በኩል ይሰነጠቃል። ገንዘብ ተከፍሎት የተጋባ ሰው መልሶቹን አጥንቶ ሊመጣ ይችላል። የሃያ ዓመት ባል የሚስቱን የደመወዝ መጠን ላያውቅ ይችላል፤ በብዙ የኢትዮጵያ ቤት ይህ ነውር አይደለም። ተራርቀው የሚኖሩ ባልና ሚስት ደግሞ የሚተዋወቁበት መንገድ ከቤት ውስጥ እውቀት የተለየ ነው። ሚስት ባሏ በየትኛው ጎን እንደሚተኛ ላታውቅ ትችላለች። የምታውቀው የሥራ ፈረቃው የሚለወጥበትን ሳምንት፣ ድምፁ ሲደክም የሚሰማበትን፣ ማታ በ3 ሰዓት ካልደወለ በዋሽንግተን ዲሲ በቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ከሥራ እንዳልወጣ ነው። «መቼ ትነጋገራላችሁ?» ተብላ «ማታ በ3 ሰዓት» ብትል፣ ትርጉሙ ሰዓቱን ካላስተካከለው መልሷ ከስልክ መዝገቡ ጋር በ6 ሰዓት ይለያያል።

እነዚህ ችግሮች ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይደሉም። የወረቀት ጋብቻ አለ፤ ዋጋ ተቆርጦለት የሚፈጸም፣ አንዳንዴም የዲቪ ሎተሪ ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው ይዞ ለመውጣት በጥድፊያ የሚደረግ። የዲቪ ዕድል በበጀት ዓመቱ ማብቂያ፣ በሴፕቴምበር 30፣ ስለሚዘጋ ጥድፊያው ይበረታል፤ በዚያ ጥድፊያ ውስጥ የነበሩ እውነተኛ እጮኞችም ሠርጋቸውን አስቀድመው ይጋባሉ፤ ከውጭ ሲታዩ ከሌሎቹ አይለዩም። ሕጉ አጥፊውን አይምርም። የኢሚግሬሽን ሕግን ለማምለጥ ብሎ እያወቀ የተጋባ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ሊደርስበት ይችላል። አንድ ጊዜ በይስሙላ ጋብቻ ለማለፍ እንደሞከረ የተወሰነበት የውጭ ዜጋም ቀጥሎ በእውነት ቢያገባ እንኳ ማመልከቻው አይጸድቅም። የወረቀት ጋብቻ ተጎጂ የለውም የሚል ክርክር አልፎ አልፎ ይሰማል፤ ትክክል አይደለም። እያንዳንዱ የተሸጠ ጋብቻ ቀጥለው ለሚመጡት ባልና ሚስት የማስረጃውን ሸክም ያከብዳል፤ የሚከፍሉትም ምንም ያላጠፉ ሰዎች ናቸው።

ሐሰትን ከእውነት በምን መለየት ይቻላል ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚሻለው መልስ ከራሱ ከመለያየቱ ውስጥ የሚገኝ ይመስላል። ቃል የሚታወቀው በጊዜ ነው፤ በተለይም መጠበቁ በከበደበት ጊዜ። የገንዘብ ጋብቻ የሚሠራው በአነስተኛ ጥረት ነው፤ ለማስረጃ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይደዋወላል፣ ለፎቶ የሚበቃውን ያህል ይገናኛል። እውነተኛ ትዳር ማንም ለማስረጃ በማይፈልገው ነገር የተሞላ ነው፤ የአማት ሕክምና ላይ የተላከ ገንዘብ፣ ሁለቱም ተመካክረው የተዉት ሥራ፣ በስልክ የተጣሉበትና የታረቁበት ሳምንት፣ ልጁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት ለመምረጥ የጠፋ ሌሊት። ጥንቁቅ ጥንድ ፋይሉን ሲያዘጋጅ የሠርጉን አልበም በሙሉ ከማያያዝ ይልቅ እነዚህን በቀን በቀን አስተካክሎ፣ ትርጉም አያይዞ ቢያቀርብ ይበጀዋል። ጥንቁቅ መርማሪም ጥርጣሬው ጠበብ ያለ ጥያቄ እንዲሆን ማድረግ አለበት። ሁለት ዓመት የተለያዩ ሰዎች አብረው ባለመኖራቸው ሊጠረጠሩ አይገባም፤ ሊጠየቁ የሚገባው እነዚያን ሁለት ዓመታት እንዴት እንደያዟቸው ነው።

መርማሪው ከተሳሳተስ? እዚህ ላይ ጥያቄው ከማወቅ ወደ መብት ያልፋል። የጋብቻ መብት ባልና ሚስት በአንድ አገር የመኖር መብትን ይጨምራል ወይ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2024 አይጨምርም ብሏል። ሳንድራ ሙኞዝ የተባሉ የሎስ አንጀለስ ጠበቃ የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ የሆኑት ባለቤታቸው ቪዛ ተከልክለው ነበር፤ ቆንስላው ሕገ ወጥ ተግባር ለመፈጸም ይገባሉ ብሎ ያሰበበትን ምክንያት በጊዜው አላብራራም፤ ከኋላው የባልየው ንቅሳት ከወሮበላ ቡድን ጋር ተያይዞ መታየቱ ነበረ። የጋብቻውን እውነተኛነት የተጠራጠረ አልነበረም። የአብላጫውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ኤሚ ኮኒ ባሬት አንድ ዜጋ የውጭ ዜጋ የሆነ የትዳር ጓደኛው እንዲገባ የሚያስገድድ መሠረታዊ መብት በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ የለውም አሉ። የተለዩት ሦስቱ ዳኞች፣ በሶንያ ሶቶማዮር በኩል፣ መንግሥት ቢያንስ በቂ ምክንያት እንዲሰጥ ሚስቲቱ ትዳሯን መሠረት አድርጋ መጠየቅ ትችላለች ብለው ተከራከሩ። አውሮፓም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ1985 የቤተሰብ ሕይወት መከበር ባልና ሚስት የሚኖሩበትን አገር የመምረጥ አጠቃላይ መብት እንደማይሰጥ ፈርዷል። በብሪታንያ የትዳር ጓደኛን ለማስመጣት የሚጠየቀው ዝቅተኛ የዓመት ገቢ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 29,000 ፓውንድ ሆኗል።

የካናዳው ፈላስፋ ጆሴፍ ካረንስ በ2013 ባወጣው መጽሐፉ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ይይዘዋል። የቤተሰብ መገናኘት ጥያቄ ኃይሉን የሚያገኘው በዋናነት ከውጭ ካለው ሰው ሳይሆን አስቀድሞ የማኅበረሰቡ አባል ከሆነው ነው። አባሉ ሥራው፣ ግብሩ፣ ልጁና ትዝታው እዚያ ነው፤ ሚስቱን ወይም ባሏን መከልከል አባሉን ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ማስገደድ ነው። ይህ ክርክር ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የታሪክ ክርክር ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። ፍርዱ ትዳሩ አልፈረሰም፣ በሌላ አገር መኖር ይችላሉ ወደሚል ያደርሳል፤ በወረቀት ትክክል ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ አሜሪካዊ ቢጫ ካርዱን ይዞ አዲስ አበባ ሊኖርና ሊሠራ ይችላል፤ አንዳንዶች እንዲሁ አድርገዋል። ከሌላ ጋብቻ የተወለደና በፍርድ ቤት ውሳኔ አሜሪካ መቅረት ያለበት ልጅ ያለው አባት ግን ያ ምርጫ የለውም።

ቪዛው ሲሰጥም ጥያቄው አያበቃም። በ1986 የወጣው የጋብቻ ማጭበርበርን የሚመለከት ሕግ፣ በገቡበት ቀን ጋብቻቸው ሁለት ዓመት ላልሞላው የሚሰጠውን ግሪን ካርድ ለሁለት ዓመት ብቻ አደረገው። ጊዜው ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ባልና ሚስቱ በጋራ «አይ-751» አስገብተው ጋብቻው በቅን ልቦና እንደተመሠረተ እንደገና ያስረዳሉ። አሁን ግን አብረው ስለኖሩ ማስረጃው አለ፤ በዚህ በኩል ሕጉ ጊዜን ምስክር አድርጎ መጥራቱ አስተዋይነት ነው። ጉዳቱ በሥልጣን ሚዛኑ ላይ ነው። አንዱ ወገን አመልካች፣ ሌላው ተመልካች ሆነው ይጀምራሉ፤ አመልካቹ ቪዛው ከመሰጠቱ በፊት በማንኛውም ጊዜ ማመልከቻውን መሳብ ይችላል፤ በሁለቱ ዓመታትም ፊርማውን መከልከል ይችላል። «ፋይልሽን አነሣለሁ» የሚል ቃል ስንት ሴቶችን ዝም እንዳሰኘ በዲያስፖራው ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል። በዘርዓ ያዕቆብ ስም በሚታወቀው ሐተታ፣ ፈላስፋው አገልጋይ የነበረችውን ሒሩትን ሲያገባ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ስለሆኑ ከእንግዲህ አገልጋይ ልትባል አይገባም ይላል፤ የመጽሐፉ ደራሲ ማን ነው የሚለው ክርክር ይህን ሐሳብ አያሳንሰውም። የቪዛ ሂደት በተቃራኒው እኩል የሆኑትን ሁለት ሰዎች ለጥቂት ዓመታት እኩል ያልሆኑ ያደርጋቸዋል። ሕግ አውጪው ይህን ዘግይቶም ቢሆን አይቷል። ጋብቻው በቅን ልቦና ተጀምሮ በፍቺ ካበቃ ወይም በደል ከተፈጸመ የጋራው ፊርማ ይቀራል፤ ከ1994 ጀምሮም በዜጋ ወይም በግሪን ካርድ ባለቤት የትዳር ጓደኛ የሚበደል ሰው፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ በዳዩ ሳያውቅ በራሱ ስም ማመልከት ይችላል። ይህን መብት የማያውቁ ሰዎች አሁንም በፍርሃት መኖራቸው ያሳዝናል፤ በአማርኛ በግልጽ ሊነገርና ሊደጋገም የሚገባው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው ገና ከጅምሩ የተፈረመ ሌላ ቃል ነው፤ «አይ-864» የተባለው የድጋፍ ማረጋገጫ። አመልካቹ ገቢው ለቤተሰቡ ብዛት ከተወሰነው የድህነት መለኪያ ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ያስረዳል፤ ካልሞላለት ሌላ ዋስ ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜም ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ይህን ፊርማ ለወዳጅነት ብሎ ይሰጣል። ፊርማው ግን ከወዳጅነት የጠነከረ ነው። ከመንግሥት ጋር የተገባ ውል ሆኖ፣ የመጣው ሰው ድጋፍ ቢያጣ ራሱ በፍርድ ቤት ሊያስፈጽመው ይችላል። የሚያበቃው የመጣው ሰው ዜግነት ሲያገኝ፣ ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ የሥራ ዘመን፣ ማለትም 40 ሩብ ዓመት፣ ሲቆጠርለት፣ መኖሪያውን ትቶ ለዘለቄታው ከአገር ሲወጣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ነው። ፍቺ ከነዚህ ውስጥ የለም። ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የገቡት ቃል በፍርድ ቤት ሊፈታ ይችላል፤ ስለ ሚስት ወይም ስለ ባል ለመንግሥት የተገባው ቃል ግን ከፍቺው በኋላም ጸንቶ ይቆያል፤ የሚፈርም ሰው ሁሉ ይህን አንብቦ መፈረም አለበት።